ከቤት ሆኖ የታየን ቶርኔዶ ፎቶ ማንሳት፦ ስንት ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው የሚያስተማምነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከቤታችን ፎቅ መስኮት አሻግሬ ቶርኔዶ አየሁና በስልኬ አነሳሁት። ፎቶው ላይ ግን ክር ያክላል። መሬቱ ጥቁር፣ ሰማዩ ነጭ ሆኗል፤ መሃሉ ላይ የሳሎናችን አምፖል ቁጭ ብሏል። ካሜራም ነበረኝ፣ ከ24–70 እና ከ70–200 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር፤ በድንጋጤ አላወጣሁትም። ሌላ ጊዜ ቢገጥመኝ እንዴት ላንሳ? ስንት ኪሎ ሜትር ቢርቅስ ነው ቆሜ ማንሳት የምችለው?»

ጤና ይስጥልኝ። ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እሱ ሳይመለስ ስለ ሌንስና ስለ ብርሃን ማውራት አይገባም። «ከዚህ ኪሎ ሜትር በላይ ከራቀ ምንም አይልም» የሚባል ቁጥር የለም። አንደኛ፣ የቶርኔዶን (ከነጎድጓዳማ ደመና እስከ መሬት የሚደርስ የሚሽከረከር የነፋስ አምድ) ርቀት በዓይን መገመት አስቸጋሪ ነው። ቅርብ ያለ ቀጭን አምድና ሩቅ ያለ ወፍራም አምድ ለዓይን እኩል ሆነው ይታያሉ፤ በመካከል ያለው ዝናብና አቧራ ደግሞ ቅርቡን ሩቅ ያስመስለዋል። ሁለተኛ፣ ፍጥነታቸው ይለያያል። ብዙዎቹ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይጓዛሉ፤ ከ100 የሚያልፉም አሉ፤ አንዳንዱ ደግሞ ለደቂቃዎች ባለበት የቆመ ይመስላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ቶርኔዶ 5 ኪሎ ሜትሩን በ5 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ከዚያ ላይ ልጆች ለመሰብሰብ፣ ጫማ ለማድረግና ደረጃ ለመውረድ የሚፈጀውን ሲቀንሱ ለፎቶ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

መንገዳቸውንም ይቀይራሉ። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2013 በአሜሪካ ኦክላሆማ፣ ኤል ሪኖ አቅራቢያ የተነሳው ቶርኔዶ በደቂቃዎች ውስጥ እስከ 4.2 ኪሎ ሜትር ሰፍቶ፣ አቅጣጫውንም ፍጥነቱንም በድንገት ለውጦ፣ ለዓመታት ቶርኔዶን ከቅርብ ሲያጠና የኖረውን ቲም ሳማራስን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ገድሏል። ልምድም መሣሪያም የነበራቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በኪሎ ሜትር አይተማመኑ።

በምትኩ የሚጠቀሙበት መለኪያ ቋሚ ምልክት ነው። ከመስኮትዎ ፊት ለፊት የማይንቀሳቀስ ቀጥ ያለ ነገር ይምረጡ፦ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ የሕንፃ ጠርዝ፣ የውሃ ማማ። በነፋስ የሚወዛወዝ ዛፍ ለዚህ አይሆንም። ከዚያ ትከሻዎን ወይም ጭንቅላትዎን በመስኮቱ ክፈፍ ላይ አስደግፈው፣ ዓይንዎ ቦታ ሳይለውጥ፣ የቶርኔዶው አምድ ከምልክቱ በስተቀኝ ወይም በስተግራ ምን ያህል እንደራቀ ልብ ይበሉ። 15 ሰከንድ ይቁጠሩና እንደገና ይመልከቱ። በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በሰከንድ 15 ሜትር እየተጓዘ ከፊትዎ አቋርጦ የሚያልፍ ቶርኔዶ በ15 ሰከንድ ውስጥ 225 ሜትር ይሄዳል። ይህ ከእርስዎ ሲታይ ወደ 2.6 ዲግሪ ነው፤ ክንድዎን ዘርግተው ያቆሙት አውራ ጣት ከሚሸፍነው በለጥ ይላል። በግልጽ የሚታይ ለውጥ ነው።

አምዱ ወደ ጎን ካልተንቀሳቀሰና እየወፈረ ከመጣ በቀጥታ ወደ እርስዎ እየመጣ ነው። ፎቶ ማንሳቱ እዚያ ላይ ያበቃል። ወደ ጎንም ካልሄደ ካልወፈረም፣ እየራቀ ሊሆን ይችላል፤ ቆሞም ሊሆን ይችላል፤ ገና ሩቅ ስለሆነ ውፍረቱ ሳይታወቅ እየመጣም ሊሆን ይችላል። ሦስቱን ከመስኮት መለየት ስለማይቻል እየመጣ እንደሆነ ይቁጠሩት። ወደ ጎን የሚሄድ ከሆነ ጥቂት ጊዜ አለዎት፤ ግን ፈተናውን በየግማሽ ደቂቃው ይድገሙት፤ መንገዱን ያጥፋል፣ ይሰፋል፣ ከዚያው ደመና ሌላ ቶርኔዶም ሊወርድ ይችላል።

ይህን ቋሚ ምልክት ያዝ አድርጉልኝ፤ በኋላ ለፎከስ (ምስሉን ለማጥራት)፣ ለመጠንና ፎቶው ለሌላ ሰው እንዲጠቅም ለማድረግም እንመለስበታለን።

ሳይፈትኑም፣ አንድ ተጨማሪ ፎቶ ሳይሉም ጥለው የሚወርዱባቸው ሁኔታዎች አሉ። ላሉበት አካባቢ የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ ከወጣና አምዱ የት እንዳለ ካላወቁ፤ ዝናብ ጋርዶት ከዓይንዎ ከጠፋ፤ የማያቋርጥ ጩኸት ከተሰማ (ነጎድጓድ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ይህ ግን አይቆምም)፤ ትልልቅ በረዶ መውረድ ከጀመረ፤ ወይም ወረቀት፣ ቅጠል፣ የጣሪያ ቁራጭ ከሰማይ እየወረደ ካዩ። በዝናብ የተጋረደ ቶርኔዶ በተለይ ያታልላል፤ ሰው «ጠፋ፣ አለቀ» ብሎ ይዘናጋል።

የሚወርዱት ወደ ቤቱ ዝቅተኛ ወለል፣ ከመሬት በታች ያለ ክፍል ካለ ወደዚያ፣ ከሌለ መስኮት ወደሌለው መካከለኛ ክፍል ነው፤ ጭንቅላትዎን በፍራሽ ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ይሸፍኑ። ተንቀሳቃሽ ወይም ቀላል ተገጣጣሚ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ቶርኔዶው ከመታየቱ በፊት፣ ገና ማስጠንቀቂያ ሲሰማ፣ ወደ ጠንካራ ሕንፃ መሄድ ነው ያለብዎት። «ግፊቱ እንዲመጣጠን መስኮቶቹን ክፈት» የሚባለውንም ይተዉት። ቤትን የሚያፈርሰው ነፋሱና የሚያመጣው ፍርስራሽ ነው፤ የተከፈተ መስኮት ነፋሱን አስገብቶ ጣሪያውን ከውስጥ ወደ ላይ እንዲገፋ ያግዘዋል።

ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ሥራ ይከፋፈሉ። አንዱ ያንሳ፤ ሌላው ካሜራ ሳይነካ ሰማዩን ብቻ ይመልከት፤ «በቃ» ሲል ክርክር የለም። በካሜራ መመልከቻ ውስጥ አንድ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ከጎኑ የሚሆነውን አያይም፤ ሌንሱም የርቀት ስሜቱን ያዛባበታል።

አሁን ወደ ፎቶው። ቶርኔዶው እንደ ክር የቀጠነው የስልክዎ ዋና ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ የነገሩን ስፋት በሌንሱ ሚሊሜትር ያባዙና በርቀቱ ያካፍሉ፤ የሚያገኙት ምስሉ በካሜራው ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ ገጽ) ላይ የሚይዘውን ስፋት ነው። 300 ሜትር ስፋት ያለው ቶርኔዶ በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሲሆን፣ ወርዱ 36 ሚሊሜትር በሆነ ሙሉ ፍሬም ሴንሰር ላይ በ24 ሚሊሜትር ሌንስ 1.4 ሚሊሜትር ብቻ ይይዛል፤ ይህ የፎቶውን ወርድ አንድ ሃያ አምስተኛ ነው። ብዙ የስልክ ዋና ሌንሶችም የሚያሳዩት ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ስፋት ነው። ወርዱ 4000 ፒክስል በሆነ ፎቶ ላይ ቶርኔዶው 160 ፒክስል ሆነ ማለት ነው። በ70 ሚሊሜትር 4.2 ሚሊሜትር፣ በ200 ሚሊሜትር 12 ሚሊሜትር ይይዛል፤ የመጨረሻው የፎቶው አንድ ሦስተኛ ነው።

ስልኩ ላይ በጣት እየከፈቱ ማጉላት ይህን አይለውጠውም፤ ያንኑ 160 ፒክስል ያሰፋዋል እንጂ አዲስ ዝርዝር አይጨምርም። ስልክዎ የራሱ የማጉያ ሌንስ ካለው እሱን ይምረጡ፤ በደብዛዛ ብርሃን ግን አንዳንድ ስልኮች ሳይነግሩዎት ወደ ዋናው ሌንስ ተመልሰው ከመሃል ቆርጠው ስለሚሰጡዎት፣ ካነሱ በኋላ የፎቶውን ዝርዝር መረጃ ከፍተው የትኛው ሌንስ እንደተጠቀሰ ይዩ። የማጉያ ሌንስ ከሌለው በዋናው ሌንስ ሳያጎሉ አንስተው በኋላ መቁረጥ ይሻላል።

እንዲህ ሲባል ግን 70–200ውን አስቀድመው ይግጠሙ ማለቴ አይደለም። በእኔ አመለካከት መጀመሪያ የሚነሳው ሰፊው ፎቶ ነው፤ ከቶርኔዶ ፎቶዎች ውስጥ ዋጋ ያላቸው አብዛኞቹ አምዱን ብቻ ሳይሆን ከላይ የተንጠለጠለበትን ደመናና ከታች የሚነካውን መሬት አንድ ላይ የያዙት ናቸው። ሌንስ ለመቀየር ደግሞ በዚያ ሰዓት እጅ አይታዘዝም። ነጎድጓድ በሚበዛበት ወቅት ካሜራው ላይ 24–70ው ተገጥሞ፣ ባትሪው ሞልቶ፣ ካርዱ ባዶ ሆኖ ይቀመጥ። ብዙ ቶርኔዶ ከ10 ደቂቃ በታች ነው የሚቆየው፤ ቦርሳ ሲከፍቱ ሊያልቅ ይችላል።

ፎቶውን ሲያዋቅሩ ዓይንዎ አምዱ ላይ ሳይሆን እግሩ ላይ ይሁን። ከደመናው የሚወርደው የሚታየው አምድ በብዙ ጊዜ መሬት ሳይደርስ በአየር ላይ ያለቀ ይመስላል። ከሥሩ ግን ቡናማ የአፈር ብናኝ ይሽከረከራል፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት አቧራው ከጎን ወደ መሃል እየተሳበ ይገባል፣ በአንድ በኩል ይነሳል፣ በሌላው በኩል ይጠማዘዛል፣ በመካከሉ ጥቋቁር ነጥቦች ብቅ ጥልቅ ይላሉ። እነዚያ ነጥቦች ቆርቆሮና የዛፍ ቅርንጫፍ ሊሆኑ ይችላሉ። ነፋሱ መሬት ላይ መድረሱን የሚናገረው ይህ ነው፤ ቶርኔዶ የሚያሰኘውም የነፋሱ መሬት መንካት እንጂ የአምዱ ርዝመት አይደለም። ፎቶው በጎረቤት ጣሪያ ተቆርጦ ከቀረ ይህ ሁሉ የለም። ስለዚህ ከፍሬሙ ታችኛው ሩብ ያህል መሬት ይስጡ፤ ከላይ ደግሞ የደመናው ግርጌ፣ ከተቻለ ከዋናው ደመና ዝቅ ብሎ የሚሽከረከረው ክፍል ይግባ። ያ ቋሚ ምልክትም በፍሬሙ ውስጥ ይኑር።

የሚያዩት ቶርኔዶ መሆኑንም ያረጋግጡ። ከነጎድጓዳማ ደመና ሥር የሚንጠለጠሉ ብጥስጥስ ደመናዎች፣ በሩቅ የሚወርድ የዝናብ መጋረጃ፣ የእሳት ጭስም ቢሆን ሰው ያሳስታሉ። መለያው ሽክርክሪት ነው። ለአንድ ደቂቃ ያህል ጠርዙን ይከታተሉ፤ ብጥስጥሱ ደመና ቅርጹን ይለዋውጣል እንጂ በራሱ ዙሪያ አይዞርም፤ ዝናቡም ወደ ታች ነው የሚወርደው።

መሬቱ ጥቁር ሰማዩ ነጭ የሆነበት ምክንያት እንዲህ ነው። ብዙ ጊዜ ከቶርኔዶው ጀርባ ደመናው የተገለጠበት ብሩህ የሰማይ ቀበቶ አለ፤ ከላይ ደግሞ ጥቁር ደመና፣ ከታች ጥላ የዋጠው መሬት። ካሜራው አማካዩን ይፈልጋል፤ የፍሬሙ አብዛኛው ጥቁር ስለሆነ «ጨለማ ነው» ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ ብሩሁ ቀበቶ ይቃጠላል (ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ይሆናል)። የተቃጠለ ሰማይ በኋላ በምንም አይመለስም፤ የጠቆረ መሬት ግን ከሞላ ጎደል ይመለሳል። ስለዚህ ለሰማዩ ይለኩ። በስልክ ላይ ከአምዱ አጠገብ ያለውን ብሩህ ሰማይ ነክተው ጣትዎን ለጥቂት ሰከንድ ሳያነሱ ይያዙት፤ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋሉ። ከዚያ የፀሐይ ምልክቷን ትንሽ ወደ ታች ይጎትቱ፤ በደመናው ውስጥ መስመሮች ሲታዩ ይበቃል። በካሜራ የብርሃን ማካካሻውን (ካሜራው የመረጠውን ብርሃን የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ማስተካከያ) ወደ −0.7 ወይም −1 ቀንሱ፤ ሂስቶግራሙ (የብርሃን ስርጭት ግራፉ) የቀኝ ግድግዳውን እንዳይነካ ይዩ።

ፀሐይዋ ያለችበት ቦታ የአምዱን ቀለም ይወስናል። ብርሃኑ ከጀርባዎ ሲመጣ አምዱ ነጭ ወይም ግራጫ፣ ከፊት ለፊትዎ ሲመጣ ድፍን ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ አንዱን ቶርኔዶ ሁለት ጎረቤታሞች በሁለት ቀለም ሊያነሱት ይችላሉ። ለነጩ አምድ ማካካሻውን ይበልጥ ይጠንቀቁበት፤ ነጭ በነጭ ላይ ከሆነ በትንሽ ትርፍ ብርሃን ይጠፋል።

ቁጥሮቹን ልስጥ። ብሩህ ቀበቶ ካለ ከኤፍ 5.6 (የአፐርቸሩ፣ ማለትም የሌንሱ ቀዳዳ መጠን፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ከሹተር 1/500 (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ በሰከንድ) እና ከአይኤስኦ 400 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) ይጀምሩ። ሰማዩ በሙሉ የከበደ ከሆነ ኤፍ 4፣ 1/250፣ አይኤስኦ 400 ይቀርባል። ብርሃኑ በየደቂቃው ስለሚለዋወጥ ሁሉንም በእጅ ከማስተካከል ይልቅ ሹተሩን እርስዎ ወስነው አይኤስኦውን ለካሜራው መተው፣ ጣሪያውን ግን 1600 ላይ ማሰር የሚሻል ይመስለኛል። ሮው ፋይል (ካሜራው ያላቀናበረውን ጥሬ ፋይል) ያንሱ፤ የጨለመውን መሬት ለማንሳት ጄፔግ (የተጨመቀው የተለመደ የፎቶ ፋይል) ውስጥ በቂ መረጃ አይቀርም፤ ሰማዩም በእርከን የተሰነጣጠቀ ይሆናል። ነጭ ሚዛኑን (የቀለም ማስተካከያውን) በራስ-ሰር አይተዉት። እንዲህ ያለ ደመና አንዳንድ ጊዜ አረንጓዴ ይላል፤ ካሜራው ያን እንደ ስህተት ቆጥሮ ያጠፋዋል። የቀን ብርሃን ላይ፣ ወይም 5500 ኬልቪን ላይ ያስሩት።

ለሹተሩ ፍጥነት የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው። በሰከንድ 50 ሜትር የሚበር ፍርስራሽ በ1/60 ሰከንድ 83 ሴንቲሜትር ይሄዳል። በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በ200 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ወርዱ 6000 ፒክስል በሆነ ሙሉ ፍሬም ካሜራ ይህ 5 ፒክስል ተኩል ያህል መደብዘዝ ነው፤ በ1/500 ከአንድ ፒክስል በታች ይሆናል። በ24 ሚሊሜትር ግን በ1/60ም ቢሆን ከአንድ ፒክስል አያልፍም። ስለዚህ በሰፊው ሌንስ፣ ክንድዎን በመስኮቱ ክፈፍ ካስደገፉ፣ አይኤስኦውን ከማናር ሹተሩን ወደ 1/125 ማውረድ ምንም አይጎዳዎትም። 1/500 የሚያስፈልግዎ በ200 ሚሊሜትር ነው፤ እዚያም ከቶርኔዶው ይልቅ ፎቶውን የሚያበላሸው የእጅዎ መንቀጥቀጥ ነው። በልብ ምት ሩጫ ውስጥ የማይንቀጠቀጥ እጅ የለም።

ፎከስ ላይ ያ ቋሚ ምልክት እንደገና ይመጣል። የራስ-ሰር ፎከስ የሚሠራው የብርሃን ልዩነት ያለበት ጠርዝ ሲያገኝ ነው፤ የቶርኔዶ ጠርዝ ጭጋግ ነው፤ ሌንሱ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ ይባስ ብሎ መስታወቱ ላይ ያለችውን የዝናብ ጠብታ ይይዛል። ቢያንስ ጥቂት መቶ ሜትር የራቀ ምልክት ላይ ፎከስ ያድርጉ፤ ከዚያ ሌንሱን ወደ እጅ ፎከስ ቀይሩና አይንኩት። ቀለበቱን እስከ መጨረሻው ማዞር አይበቃም፤ ብዙ ሌንሶች ከትክክለኛው የሩቅ ነጥብ አልፈው ይዞራሉ። ዙም ካደረጉ ደግሞ ፎከሱን እንደገና ያረጋግጡ።

የመስታወቱ ነገር ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ አስቀድሞ የሚዘጋጅ ነው። የክፍሉን መብራት በሙሉ ያጥፉ፤ ቴሌቪዥኑንም። የካሜራው ፍላሽ እንዳይሠራ ያረጋግጡ፤ ቶርኔዶው ጋ አይደርስም፤ መስታወቱ ላይ ነጭ ኳስ ሆኖ ይመለሳል። ሌንሱን መስታወቱን ሊነካ እስኪል ያስጠጉት፤ ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ክፍተት ካለ ዙሪያውን በጥቁር ጨርቅ ወይም በጥቁር ሹራብ እጅጌ ይጋርዱት። ካሜራው ለመስታወቱ ቀጥ ብሎ ይዩ፤ በተለይ ድርብ መስታወት በሰያፍ ሲታይ አምዱን ሁለት አድርጎ ያሳያል። የወባ መከላከያ መረብ ካለ አስቀድመው ይሰብስቡት፤ መረቡ ራሱ ባይታይም ፎቶውን በሙሉ ያጠወልገዋል።

ጠብታዎችን በተመለከተ አንድ የማይታወቅ ነገር አለ፦ በሰፊ ሌንስና በጠባብ አፐርቸር፣ ለምሳሌ በ24 ሚሊሜትርና በኤፍ 11፣ መስታወቱ ላይ ያለው ጠብታ ሁሉ ቅርጹ ይወጣል። በ70 ሚሊሜትርና በኤፍ 4 ግን ጠብታዎቹ ይሟሟሉ። መስታወቱ ከውጭ የረጠበ ከሆነ ወደ 50–70 ሚሊሜትር ይሂዱ፣ አፐርቸሩን ይክፈቱ። ነጸብራቅ ለመቀነስ ፖላራይዘር ማጣሪያ መግጠም ብዙዎች የሚያስቡት ነው፤ አልመክርም። ብርሃኑን ከግማሽ በላይ ይበላል፤ በተጠናከረ መስታወት ላይ ደግሞ ባለቀለም ነጠብጣብና መስመር ያመጣል።

«እንግዲያው በረንዳ ወጥቼ ላንሳ?» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። መብረቅን ያስቡ። መብረቁን ካዩ በኋላ ነጎድጓዱ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከተሰማ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ነው፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በዚህ ክልል ውስጥ ሰው ውጭ መቆም የለበትም፤ የብረት አጥር የተደገፈ ሰውና የብረት ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) የያዘ ሰው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ቦታ ላይ ናቸው። ጣሪያ ላይ መውጣት ፈጽሞ አይታሰብም። ከመስታወት ጀርባ ያለው የተሻለ ነው፤ ግን እዚያም መስታወቱ የመጀመሪያው የሚሰበር ነገር መሆኑን አይርሱ።

ከዚህ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል አጭር ነው። ወዲያው አንድ ሰፊ ፎቶ፣ እንደመጣ። ከዚያ ከዚያው ቦታ ሳይንቀሳቀሱ፣ ምልክቱ በፍሬሙ ውስጥ ሆኖ፣ በየ15 ሰከንዱ አንድ አንድ። ሦስተኛውን ካነሱ በኋላ የመጀመሪያውን በስክሪኑ ላይ ከፍተው ያመሳክሩ፤ አምዱ ከምልክቱ ያለው ርቀት ተለውጧል? ወፍሯል? የደኅንነት ፈተናው በራሱ ፎቶ ውስጥ አለ። ወደ ጎን እየሄደ ከሆነ ወደ 70 ሚሊሜትር ያስጠጉና ጥቂት ያንሱ። ቪዲዮ ከፈለጉ ስልኩን በአግድም ይዘው አንድ ደቂቃ ያህል፣ ሳያዞሩና ሳያጎሉ። ሽክርክሪቱን ከፎቶ ይልቅ ቪዲዮ ይናገራል። ከ4ኬ ቪዲዮ የሚወጣ አንድ ምስል 8 ሜጋፒክስል ስለሆነ ለፎቶም ያገለግላል። የሌሊት አነሳስ ሁነታውን ያጥፉ፤ ብዙ ምስሎችን እየደራረበ ስለሚሠራ የሚሽከረከረውን ጠርዝ ወደ ጭቃ ይለውጠዋል። ኤችዲአሩም (ብሩህና ጨለማ ምስሎችን የሚያዋህደው ሁነታ) አንዳንድ ጊዜ እንዲሁ ያደርጋል።

የስልኩን ባትሪ ግን ይሰስቱ። ማስጠንቀቂያ የሚደርስዎት፣ ከፍርስራሽ ሥር ሆነው የሚደውሉት በእሱ ነው። ካሜራ እያለ ስልክን በቪዲዮ ማድረቅ ትልቅ ስህተት ነው።

እርስዎ ወርደው ካሜራው እንዲቀጥል ማድረግ ይቻላል፤ እውነቱን ለመናገር ከቤት ለሚያነሳ ሰው የሚሻለው አሠራር ይህ ነው። ትራይፖዱን ከውስጥ፣ እግሮቹን ዝቅ አድርገው፣ ሌንሱን ወደ መስታወቱ አስጠግተው ያቁሙ፤ ዙሪያውን በጨርቅ ይጋርዱ። ከ24 እስከ 35 ሚሊሜትር፣ የእጅ ፎከስ፣ የሌንሱ ማረጋጊያ የጠፋ፣ በየ2 ሰከንዱ አንድ ፎቶ። አንዱ ሮው ፋይል 28 ሜጋባይት ቢሆን በደቂቃ 840 ሜጋባይት ነው፤ 64 ጊጋባይት ካርድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይዘልቃል። አምዱን ከፍሬሙ መሃል ሳይሆን ከሚሄድበት አቅጣጫ በተቃራኒ በኩል ያድርጉት፤ የሚጓዝበት ቦታ ይኑረው። ካሜራውን ከተዉት በኋላ «ትንሽ ልስተካክለው» ብሎ መመለስ የለም። ካሜራ ይገዛል።

ጨለማ ከሆነ በእጅ ይዞ ማንሳቱን ይተዉት። በሌሊት ቶርኔዶ የሚታየው መብረቅ በበራበት ቅጽበት ብቻ ነው፤ ርቀትም አቅጣጫም አይለካም፤ ያ ቋሚ ምልክትም አይታይም። ከአድማስ አጠገብ፣ ከመሬት ጀምሮ የሚፈነዳ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ብልጭታ ካዩ ነፋሱ የኤሌክትሪክ መስመሮችን እየበጠሰ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ይውረዱ። ካሜራውን ብቻውን መተው ከፈለጉ ኤፍ 4፣ አይኤስኦ 800፣ እያንዳንዱ 4 ሰከንድ ብርሃን የሚቀበል ተከታታይ ፎቶ በቂ ነው።

ካለፈ በኋላ ፎቶውን ከመነካካትዎ በፊት ዋናውን ፋይል በሁለት ቦታ ይቅዱ። ለማሳመር ሲሉ ጥላውን ከመጠን በላይ ካነሱትና ንፅፅሩን ካጋነኑት በአምዱ ዙሪያ ነጭ ክብ ይወጣል፤ እሱን ያየ ሰው ፎቶውን አያምንም። የካሜራዎ ሰዓት ከስልክዎ ጋር መግጠሙን ይዩ፤ ልዩነት ካለ ሰዓቱን ሳያስተካክሉ በፊት ስንት ደቂቃና ሰከንድ እንደሆነ ይጻፉ።

ይህን የምለው እንዲህ ያለ ፎቶ ከማስታወሻነት ያለፈ ጥቅም ስላለው ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 1957 በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ የምትገኘውን ፋርጎ ከተማ ቶርኔዶ ሲመታት ብዙ ነዋሪዎች አንስተውት ነበር። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው የሚቲዎሮሎጂ ተመራማሪ ቴድ ፉጂታ ከመቶ በላይ ፎቶዎችን ሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ከየት ቦታ እንደተነሳ በፎቶው ውስጥ ባሉ ሕንፃዎችና ምሰሶዎች እየለየ፣ ደመናው እንዴት እንደተሠራና እንዴት እንደተንቀሳቀሰ በልኬት አወጣ፤ ጥናቱ በ1960 ታተመ። ዛሬ የቶርኔዶ ጉልበት የሚመደብበት መለኪያ መነሻ የሆነውን በ1971 ያቀረበውም እሱ ነው። በዚያ ሥራ ላይ ቋሚ ምልክት የሌለበት ፎቶ፣ ምንም ቢያምር፣ ለልኬት አያገለግልም።

ስለዚህ ለአካባቢዎ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ሲልኩ ያልተቆረጠውን፣ ያልተነካካውን ፋይል ይላኩ። በመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያ እንደ ፎቶ ከላኩት መጠኑ ይቀንሳል፤ የተነሳበት ሰዓትም ብዙ ጊዜ ከፋይሉ ይሰረዛል፤ «እንደ ሰነድ» ወይም «እንደ ፋይል» የሚለውን ይምረጡ። አብረው የቆሙበትን ቦታ፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ መስኮቱ ወደየት እንደሚያይ፣ የሌንሱን ሚሊሜትርና በፎቶው ላይ የሚታየው ምሰሶ ወይም ሕንፃ የትኛው እንደሆነ ይጻፉ፤ ከዚያ ምልክት እስከ መስኮትዎ ያለውን ርቀት በሜትር ከለኩ እሱንም ይጨምሩበት።